ማሙሽ፣ የሠርጉን ሥራ አንተውም

ማሙሽ የኔ ጌታ፣

ትናንት ማታ በቴሌግራም የላክኸውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ! ነፍሱን ይማረውና ልክ እንደ አባትህ፣ ስለ ፊልም ከጀመርክ ማቆሚያ የለህም። እኔ በድምፅ መመለስ አይሆንልኝም፣ መሀል ላይ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እቆጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ያልከው ይኼ ነው አይደል? የአዲስ አበባውን ሥራ ትተህ ሐዋሳ ትመለሳለህ፣ ፕሮዳክሽኑን አንተ ትይዘዋለህ፣ ሠርግ መቅረጽ ይቆማል፣ ሁለቱ ካሜራዎች ይሸጣሉ፣ ባንክ ያለችው ተጨምራ ያንተ ፊልም ይሠራል። መመለስህን እልል ብዬ ነው የምቀበለው። ክፍልህም እንዳለች ናት፣ ጀነሬተርና ትራይፖድ ገብቶባታል እንጂ። ሌላውን ግን እንቢ ብያለሁ። እንዳትቀየመኝ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እኛን ዓመቱን ሙሉ የሚያበላን ሠርግ ነው። ጥር ላይ ይደራል። ሁዳዴ ሲገባ የኦርቶዶክሱ ይቆማል፣ ግን እዚህ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ቅዳሜያችን ጨርሶ ባዶ አይሆንም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ነው፣ ዳግማይ ትንሣኤ ላይማ ልጆቹን ሦስት ቦታ ከፋፍዬ የምልክበት ጊዜ አለ። ክረምት ጭር ይላል። ክረምቱን የሚሸፍንልን የመሥሪያ ቤት ዶክመንተሪ ነበር። ነበር ነው የምልህ። ሲዳማ በ2012 ክልል ሲሆን እንኳ የደቡብ ክልል ቢሮዎች ወዲያው ከሐዋሳ አልወጡም፣ እኛም ሥራችንን ቀጠልን። በነሐሴ 2015 ግን ደቡብ ለሁለት ሲከፈል ገሚሱ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ገሚሱ ወደ ሆሳዕና ሄደ። ስንት ዓመት ቡና አብረን የጠጣን የሕዝብ ግንኙነት ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ተሰናበቱኝ። ስልካቸው አሁንም አለኝ። ግን እዚያም የሚቀርጽ ልጅ አያጡም፣ የኛን አበልና መኪና ምን ቆርጧቸው ይከፍላሉ? የቀሩልኝ የሲዳማ ቢሮዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው የሚፈልጉት፣ ልክም ናቸው። ያንተ ሲዳሙ አፎ ደግሞ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። ስትመጣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

ካሜራውን ሸጠን በኋላ እንገዛለን ያልከውን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ፣ በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አልፎ ሄዷል። ሌንስም ሜሞሪ ካርድም ከውጭ ነው የሚመጣው። የድሮ ደረሰኞቹን አልጣልኳቸውም፣ ሲከፋኝ አውጥቼ አያቸዋለሁ። ዛሬ የሸጥነውን ነገ መልሰን አንገዛውም።

አንድ ያልነገርንህ ነገር ደግሞ አለ። በ2003 የሠራነውን ፊልም ታስታውሳለህ? ገና ልጅ ነበርክ፣ ምርቃቱ ላይ አዳራሹ በር ላይ ቲኬት ትቀድድ ነበር። አንተ የምታስታውሰው ሰው ሞልቶ መቆሙን ነው። የሞላው በዘመድና በጥሪ ካርድ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 14 ሰው ገባ፣ ከ14ቱ አራቱ የተዋናዮቹ ጓደኞች ናቸው። አባትህ ከአዲስ አበባ ለመጣችው ተዋናይት ሙሉውን ከፍሎ፣ ለአዳራሹ ከፍሎ፣ ለፖስተር ከፍሎ የድምፅ ልጃችንን «ፊልሙ ሲገባ» አለው። ፊልሙ ገባ፣ ብሩ ግን አልገባም። ልጁ አንድም ቃል አልተናገረንም። ዝም ብሎ ስልክ ማንሳት አቆመ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም ቀብድ ካልያዙ ከቤት አይወጡም ጀመር። ሐዋሳ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ያኔ ነው የገባኝ፤ ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ስገባ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድን። በመጨረሻ የአንገቴን ወርቅ ሸጬ ቤቱ ድረስ ወስጄ ከፈልኩት። አባትህ ወርቁ ጠፋ ብዬው አመነኝ። ልጁ ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ቡም፣ የማይክ ዘንጉን፣ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረህ እሱ ነው። ዛሬ ባንክ ያለችው ብር ውስጥ የእሱና የሌሎቹ ደሞዝ አለበት። ያንተም የኔም አይደለችም።

ስክሪፕትህን አነበብኩት። ጎበዝ ነህ፣ የእናትየዋ ትዕይንት ላይ እንባዬ መጣ (እኔ ነኝ አይደል? ይሁን)። ግን 12 ትዕይንት ሐይቅ ዳር ጀንበር ስትጠልቅ ብለህ ጽፈሃል። ጀንበር በሐይቁ በኩል ስለምትገባ እንደሚያምር አውቃለሁ፣ ሙሽራ ሁሉ የሚለምነን እሱን ነው። ያ ብርሃን ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። አንዱን ትዕይንት ሳትጨርስ ይጨልምብሃል። 12 ትዕይንት ማለት 12 ማታ ነው፣ የ12 ቀን አበልና ምሳ፣ ሰውም 12 ቀን ይሰለቻል። ሁለቱን ብቻ ሐይቅ ዳር ተውና ሌላውን ቤት ውስጥ አስገባው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ የሚለውንም አውጣው። እዚያ ነፋሱ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ባጃጁ ሁሉ ማይክህ ውስጥ ይገባል። ያኔ በ2003ቱ ፊልም ልጅቷ «አልረሳህም» ስትል ከኋላዋ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ቀስ እያለ እንደ ሽማግሌ ሲያልፍ፣ ሕዝቡ የሳቀው መሳቅ በማይገባው ቦታ ላይ ነበር።

የሙዚቃውንም ውል በጽሑፍ አድርገው። የዘፈኑን ባለቤት በቃል ብቻ አስፈቅደን ዩቲዩብ ላይ የጫንነው ፊልም ገቢው ለሌላ ሰው ሄደ፣ እኛ እይታ ብቻ ቆጠርን።

አሁን እኔ የምችለውን ስማ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እስከ ገና የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብ አያባርርህም። ያን ጊዜ ካሜራዎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያንተ ናቸው፣ ኪራይ አልጠይቅህም። ቅዳሜን ለፕሮቴስታንት ሠርግ ትመልስልኛለህ። ለሠራተኛው ግማሹን ቀረጻ ሳይጀመር በእጁ፣ ግማሹን በመጨረሻው ቀን ማታ ትከፍላለህ። ተዋናይ ከዚሁ ፈልግ፣ የዩኒቨርሲቲው ልጆች አሉ። ሃርድ ዲስክ ሁለት ይሁን፣ አንዱ አክስትህ ቤት ይደር። ባለ 100 ሜጋቢት ቅጂ በሰዓት 45 ጊጋባይት እንደሚበላ አንተው ነህ ያሰላህልኝ፣ ስለዚህ ዲስኩን በበጀትህ ውስጥ አስገባ። ያቺን የሠርጓ ቅጂ የጠፋባትን ልጅ እስካሁን መንገድ ላይ ሳያት ማዶ እሻገራለሁ።

እስከዚያ የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ሠርግ አለን። የገብርኤሉ ላይ ሁለተኛ ካሜራ የሚይዝ ሰው ጎድሎኛል። ዓርብ በጠዋት ከተነሳህ ለማታ ትደርሳለህ፣ እራት እጠብቅሃለሁ። ጥቁር ጫማ ያዝ። ባለፈው በዚያ ነጭ ስኒከርህ ቆመህ ቀርጸህ የሙሽራው አባት ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል።

እናትህ