ናታን ስላልነው ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አራሷ በርትታለች፤ ልጁም ጡት እየጠባ ነው፣ ሌሊት ግን አያስተኛንም።

በስልክ «ናታን አልነው» ስልሽ ዝም አልሽ። በኋላ እኅቴን «የፈረንጅ ስም ሰጡት፤ የአባቴን ስም የት ጣሉት?» እንዳልሻት ሰማሁ። ናታን እኮ የፈረንጅ አይደለም እማዬ፤ በኦርዮ ሚስት ነገር ዳዊትን ፊት ለፊት የገሠጸው ነቢይ ነው። ንጉሥ የማይፈራ ሰው ስለሆነ ወደድኩት።

የአያቴ ስም ገብረ ሚካኤል ክብሩ ይገባኛል። የድሮ ሰው የጻድቅ ወይም የመልአክ ስም እንዲሁ ለብቻው መሸከም ድፍረት ይመስለው ነበር መሰለኝ፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያለ ተጠግቶ ነው የሚጠራው። ነገሥታቱም እንዲሁ ናቸው። ላሊበላ ገብረ መስቀል ተብሎ ነገሠ። ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበሩ። ተፈሪ መኮንንም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን ወደ ፊት አምጥተው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ።

እኔ ስወለድ ደግሞ ደርግ ነበር፤ አባባ «አብዮት» አለኝ፣ አንቺም አልተቃወምሽም። ግን በአርባ ቀኔ ቄሱ «ወልደ ጊዮርጊስ» አሉኝ። ስቆርብ የምጠራው በሱ ነው፣ ስሞትም ፍትሐቱ የሚደርሰው በሱ ነው። ቀበሌ የማያውቀው፣ መድኃኒት አድራጊ እንዳይሰማው አንቺ ራስሽ ለሰው እንዳልናገር የከለከልሽኝ ስም! ስለዚህ ሰዎች መንፈሳዊ ስም ጠፋ ሲሉ አልቀበልም። በኛ ዘመን ጓዳ ገብቶ ነበር እንጂ የትም አልሄደም።

አሁን ደግሞ አደባባይ ወጥቷል፣ ልብሱን ቀይሮ። በሰፈራችን «ናቲ!» ብትይ ግማሹ ሕፃን ዞሮ ያይሻል። ናሆም፣ ባሮክ፣ ኢዮስያስ፣ ዮናታን... የኛም የሰንበት ተማሪ፣ የጴንጤውም ቤት ብሉይ ኪዳን እየገለጠ ነው የሚሰይመው። አንዳንዱ ስሙ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ለድምፁ ብቻ ማውጣቱ ግን ያናድደኛል። ሙስሊም ጎረቤታችን በዚህ አይጨነቁም፤ በሰባተኛው ቀን ለልጃቸው የሚታረደውን ዐቂቃ አርደው «ሙሐመድ» አሉት፣ አለቀ። ያ ስም ፋሽን ሲለዋወጥ አይነካውም።

ጥምር ስም ከወረቀት ጋርም አይስማማም። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው፤ ሰነዱ ላይ ግን «ገብረ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ሚካኤል ተለይቶ የመካከል ስም ሆኗል። እዚያ ጓደኞቹ ገብረ ብለው ሲጠሩት የማን ገብር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልጁ የተወለደው ጥር 3 ነው፤ አርባው የካቲት 12 ይውላል፣ የሚካኤል ቀን። ቄሱ ቀኑን አይተው ስም ያወጣሉ፤ ገብረ ሚካኤል እንዲሉልን አስቀድመን እንለምናቸዋለን፣ ግን ካንቺ አፍ ሲሰሙት እምቢ አይሉም። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ድረሽ። የክርስትና አባቱ እኔ ሳልሆን የባለቤቴ ወንድም ነው፣ እሱም ይጠብቅሻል። አውቶቡስ ከከበደሽ ንገሪኝ፣ መኪና እልካለሁ። ጥቂት በሶ ካመጣሽልን ደግሞ አራሷ ትመርቅሻለች።

ልጅሽ አብዮት