የማሲንቆውን ድምፅ ያበላሸው ኪቦርዱ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ኪቦርድ መጥቶ የጎጃምን ዘፈን አጠፋው» የሚል ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ሠርግ ላይ ኪቦርድ በመጫወት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የበኩሌን እንድል ይፈቀድልኝ። ቅሬታው እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግን ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ እንደመጣ የምንጫወት የእኛ ነው።

ከዓመታት በፊት ደጀን አካባቢ በተጠራሁበት ሠርግ ላይ የቫዮሊኑን ድምፅ ከፍቼ እንደ ማሲንቆ ስጫወት፣ ዳሱ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት አዝማሪ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ይኼ ማሲንቆ እጅ የለውም» አሉኝ። የተናገሩት የገባኝ ቆይቶ፣ እርሳቸው ሲመቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ጣታቸውን ስከታተል ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ሁለት ቃና በአንድ ጊዜ አያሰማም፤ ጣት ቦታ ሲቀይር ድምፁ ብዙ ጊዜ ተንሸራትቶ ይሄዳል እንጂ አይዘልም፤ መርገብገቡም የሚመጣው ቃናው ከተያዘ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ኤዲት ማድረግ በሚፈቅድ ኪቦርድ ላይ መሥራት ይቻላል። እኔ በመጀመሪያ ድምፁን ሞኖ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ቃና ብቻ የሚያሰማ፣ አደርገዋለሁ፤ ቀጥሎ ፖርታሜንቶውን (መንሸራተቱን) በጥቂቱ እከፍትና ቪብራቶው (መርገብገቡ) ዘግይቶ እንዲገባ አደርጋለሁ። የደጋኑ ጭራ አውታሩን ሲነካ የሚሰማው መፋቅ እንዳይጠፋ አታኩን (የድምፁን አጀማመር) ብዙ አላለዝበውም፤ ድምፁ ከቁልፉ ጋር እንዲያበቃ ሪሊዙን (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ የሚቀረውን ድምፅ) አሳጥራለሁ፤ ሪቨርቡንም እቀንሳለሁ፤ ዳስ ውስጥ የሚመታ ማሲንቆ እንደ አዳራሽ አያስተጋባምና። ከሁሉ የሚከብደው ቅኝቱ ነው። የኪቦርዱ ግማሽ ድምፆች እኩል እኩል፣ መቶ መቶ ሴንት (ሴንት የቃና ርቀት መለኪያ ነው) ሆነው የተከፈሉ ሲሆኑ፣ በተለይ አንቺሆዬን የሚጫወት አዝማሪ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከዚህ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ስኬል ቱን በሚባለው የኪቦርዱ ማስተካከያ እያንዳንዱን ቃና ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ከአዝማሪው ጎን ተቀምጦ በጆሮ ካልሆነ በቁጥር ብቻ ማግኘት አይቻልም።

የፋብሪካ ድምፅ ላይ መቅረት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን የተባለው ኪቦርድ ሲወጣ፣ በእጅ በሚዞሩ ቁልፎች ፋንታ መጫኛዎችና አንዲት ትንሽ መስኮት ስለነበሩትና ድምፅ የሚፈጥርባቸውን ስድስት ኦፕሬተሮች ማስተካከል አድካሚ ስለነበር፣ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች የተገኘውን ድምፅ እንዳለ ተጫውተውበታል። የዛሬው መሣሪያ ግን ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ ላስጠንቅቅ፦ የሠራችሁትን ድምፅ በፍላሽ ገልብጡት። እኔ ኪቦርዴን ለጥገና በሰጠሁበት ጊዜ ሳይነግሩኝ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሰውት የሦስት ዓመት ድካሜ ጠፍቶብኛል፤ የክራሩን ድምፅ እንደገና ብሠራውም ያ የማሲንቆ ድምፅ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

በየከተማችን ኪቦርድ የሚያስተምሩ መምህራን ከጣት ልምምዱ ጎን ለጎን የድምፅ ኤዲቲንግንም እንዲያስተምሩ፣ በትምህርቱም ላይ አዝማሪ ጋብዘው ተማሪው ከማሲንቆው ጋር እያመሳከረ እንዲሠራ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ይህን ጉዳይ አዝማሪዎቹን ራሳቸውን አነጋግሮ ቢዘግብበት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኪቦርድ ተጫዋች
ከደብረ ማርቆስ