ያን ክኒን ቤት እንዳታስገቢ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። በስልክ ስነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ወንድምሽም አንብበሽ ሳትጨርሺ ንቅንቅ እንዳይል ነግሬዋለሁ።

ትኋኑ እንቅልፍ ቢነሳሽ የነቀዝ ክኒን ገዝተሽ አስቀምጠሻል አለኝ። አልጋው ሥር አድርገሽ በሩን ልትዘጊ ነው አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እኔም አልተኛሁ። ልጄ፣ ያን ክኒን ሰው የሚተኛበት ቤት እንዳታስገቢ።

ክኒኑ የእህል ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይሉታል። እርጥበት ያለው አየር ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚጨርሰው ያ ጋዝ ነው፤ ሰውንም የሚጨርሰው እሱው ነው። ማርከሻ የለውም። «እኔ ሌላ ቦታ አድራለሁ» ትይ ይሆናል። ሰርቪሶቹ አራቱም በአንድ ኮርኒስ ሥር አይደሉም? ባለፈው ስመጣ ጎረቤትሽ ሽንኩርት ስታቁላላ እኛ ነበርን የምናስነጥሰው። ሽንኩርቱ ያለፈበት ጋዙ አያልፍም? እሷ ደግሞ አሁን አራስ ናት።

ለመሆኑ ያን አልጋ ከየት አመጣሽው? ያገለገለ አልጋ ስትገዢ መጋጠሚያውን እዪ ብዬሽ ነበር። ርካሽ ሆነልሽና አላየሽም። ይሁን፣ ትኋን ነውር አይደለም። በሻንጣም በእንግዳም ይገባል። እኔ ልጅ ሳለሁ የወባ ሰዎች ዲዲቲ ሊረጩ ሲመጡ ደስታችን ለወባው አልነበረም፣ ለትኋኑ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቆሎ ረገፈልን። ኋላ ለመደው። ሲረጩት ከግድግዳው ወጥቶ ይርመሰመሳል እንጂ አይሞትም። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይሄስ ቀለቡ አደረገው» ትል ነበር።

የሚችለው የፈላ ውኃ ነው። አልጋውን ፍቺው። በየብሎኑ ቀዳዳ፣ በየመጋጠሚያው ከማንቆርቆሪያ አፍስሺበት። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን ቀቅዪው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፣ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ያሳልፋታል። የፍራሹን ጠርዝ በባትሪ እዪ፤ በርበሬ የተቆላበት ምጣድ ላይ እንደሚቀረው ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ እዚያ ነው ያለው። የግድግዳውን ስንጥቅ በጀሶ ድፈኚ። ሶኬቱ ጋ ግን ውኃ እንዳታደርሺ! አልጋውን ከግድግዳ አርቂና እግሮቹን የሳሙና ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚያቸው። እንቁላሉ በሳምንት በአሥር ቀን ስለሚፈለፈል፣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ሁሉንም እንደገና። ቤቱን ዘግቼ ልጥፋ ብትይም አያዋጣሽም፣ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ለአከራይሽም ንገሪያቸው። አንቺ ጋ ብቻ ቢጸዳ ከጎረቤት ተመልሶ ይመጣል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። በአራት ዓመትሽ ምች መቶሽ ከሞት ተረፍሽ እያልን የምናወራው አለ አይደል? አክስትሽ በየበዓሉ የምታነሳው። ምች አልነበረም። ቅማል በዝቶብሽ ነበር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ሰው እንዳያይብኝ አፈርኩ። ለሰብል የተገዛውን የተባይ መርዝ፣ ማላታይን የሚሉትን፣ በጥጥ ነክሬ ራስሽን ቀባሁና በሻሽ አሰርኩት። ማታ ላይ ለሀጭሽ አልቆም አለ። ላብሽ ልብሱን አረጠበው። የዓይንሽ ብሌን የጤፍ ፍሬ አከለ።

ተሸክሜሽ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሐኪሙ «ምን ነክቷት ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ «ምንም» አልኩ። ሻሽሽን ፈቶ አሸተተና ዝም ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አትሮፒን የሚሉትን ማርከሻ እየደጋገመ ወጋሽ፣ ነርሷ ፀጉርሽን በሳሙና ደጋግማ አጠበችው። ሲነጋ ውኃ ስጪኝ አልሽኝ። ለአባትሽ ምች ነው አልኩት። እንደዚያው ብሎ አረፈ። ለሱ ሳልነግረው መቅረቴ ይቆጨኛል፤ ለሐኪሙ የደበቅሁት ግን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ስለዚህ የኔ እናት፣ ክኒኑን ከፍተሽው ከሆነ አታፍሪ። ውኃ እንዳታፈስሺበት፣ ጋዙን ይብሱን ያበዛዋል። በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ ጎረቤቶችሽንም አስወጪ፣ ለአምቡላንስ 907 ደውዪ። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ደረት መጨምደድ ከመጣ ምግብ ነው ብለሽ አትተኚ። የጠየቀሽ ሐኪም ምን እንደሆነ በስሙ ይስማ።

ካልከፈትሽው እንደታሸገ ከቤት ውጭ፣ ደረቅና ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ሽንት ቤት እንዳትጥዪው። የት እንደሚወገድ ወረዳሽ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ወንድምሽም እይዘዋለሁ ቢልሽ አትስጪው፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አለ። ደግሜ እልሻለሁ፣ ቤት እንዳታስገቢ።

ሽሮና በሶ ልኬልሻለሁ። ሽሮውን ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ገልብጪው። ጀሶው በሌላ ፌስታል ነው፣ ከበሶው ጋር እንዳታምታቺው። ማንቆርቆሪያሽ ያፈሳል ብለሽኝ ስለነበር የኔን ላክሁልሽ፤ እጀታው ይሞቃል፣ በጨርቅ ያዥው።

እናትሽ