ለቅዳሜው የድምፅና የብርሃን ስራችን

ሰላም ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ስለ ኢንስታሌሽኑ (ቦታውን በእቃ፣ በድምፅና በብርሃን ሞልተን ስለምንሰራው የጥበብ ስራ) ምን እንግዛ ብላችሁ በውስጥ የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ፣ ምንም እቃ እንድትገዙ አንፈልግም ቤት ያለው ይበቃል፣ ጣሳ፣ ወንፊት፣ ባዶ ካርቶን፣ የተበላሸ ቴፕ (የካሴት ማጫወቻ) ያላችሁ ደሞ በናታችሁ እንዳትጥሉት፣ ውስጡ ያለችው ትንሽዬ ሞተር በድንጋይ ባትሪ ትሽከረከራለች፣ ዘንጓ ላይ ክር አስራችሁ ጫፉ ላይ ዶቃ ካደረጋችሁ ካርቶኑን ጠጠጠጠ እያረገች ትመታዋለች፣ አንዷ ብቻዋን ምንም አይደለችም ሰላሳ አርባው አንድ ላይ ሲነሳ ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ በሉት። የስዊዙ አርቲስት ዚሙን በዚህ መንገድ ነው አዳራሽ ሙሉ ካርቶን የሚያስጮኸው፣ የእንግሊዙ ሀሩን ሚርዛም የቤት እቃ፣ ድምፅና ኤልኢዲ መብራት አገናኝቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢናሌ በሚባለው የጣልያን ትልቅ የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ የብር አንበሳ የሚባለውን ሽልማት ተሸልሟል። የኛው አርቲስት ኤልያስ ስሜ ስራው ድምፅ ባይኖረውም ከተጣለ የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ ምን እንደሚያወጣ እዩለት፣ እኔ በጣም ነው የማከብረው።

ለብርሃኑ ደሞ ይቺን ቤታችሁ ሞክሯት፣ ስፒከር በጀርባው አስተኙና ላዩ ላይ ስስ የብረት ሳህን አድርጉ፣ ትንሽ ውሃ ብቻ (ስፒከሩን በፌስታል ሸፍኑት)፣ ክፍሉን አጨልማችሁ የሞባይል ባትሪ በጎን አብሩበት፣ ሙዚቃ ስትከፍቱ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) በመታ ቁጥር ውሃው ይርገበገብና ነፀብራቁ ጣራው ላይ ይጨፍራል።

የኮምቦልቻ ልጆች የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስለምትመጡ ቀለል ያለውን ብቻ ያዙ፣ ከባዱን እኛ ከሰኞ ገበያ እንፈልጋለን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁሉም ነገር በባትሪ ይሁን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ እቃ ማንም እንዳይፈታ። ምን ምን እንዳላችሁ እስከ ሐሙስ ፎቶ አንስታችሁ ልቀቁ።