የተራራ ሐይቅ ስትጠቁሙን የበረዶውን ነገር አትዝለሉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጁን ሲገባ ገጻችሁ በተራራ ሐይቆች ፎቶ ይሞላል። ውሃው ሰማያዊ፣ ዳሩ አረንጓዴ፣ ሰዉ በቁምጣ። ከሥሩ የመንገዱ ርቀት ይጻፍና አስቸጋሪነቱ «መካከለኛ» ይባላል። እንዲህ ያለው ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኦገስት ነው። በጁን ያንን አምኖ የሚወጣ ሰው የሚጠብቀው በረዶ የተከደነ ሐይቅና ዱካው የጠፋ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ እነዚህ ሐይቆች የተኙት ጥንት የበረዶ ግግር በቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ጎድጓዳው በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞረ ነው። ፀሐይ ብዙ አያገኘውም፤ ነፋስ የነዳው በረዶም እዚያው ይከመራል። ስለዚህ ታችኛው መንገድ ሙሉ በሙሉ ደርቆ የመጨረሻዋ ዳገት ብቻ በረዶ ልትሆን ትችላለች። ሰው ደግሞ እዚያ ድረስ ለፍቶ ከደረሰ በኋላ ተመለስ ቢሉት አይሰማም።

ጠዋት በረዶው እንደ መስታወት ይጠነክራል። ዳገት ላይ አንዴ ካዳለጠ ማቆሚያ የለውም፤ ከታች የሚጠብቀው ቋጥኝ ወይም ውሃ ነው። ከሰዓት ይለሰልስና እግር እስከ ጭን ይሰምጣል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ከሥር የሚሄደው ውሃ ነው። ጅረቱ በረዶውን ከታች እየበላ ባዶ ያደርገዋል። ከላይ ሲታይ ግን ነጭና ደልዳላ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከኮልቸክ ሐይቅ በላይ ያለውን አስጋርድ ፓስ የተባለ የተራራ ማለፊያ ውሰዱ። ከ1.5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በረዶው ላይ ቁጭ ብለው ተንሸራተው ሲወርዱ ጅረቱ የከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ወንዝ መሻገርም ሰዓት አለው። ቀን የቀለጠው በረዶ ወንዙን የሚሞላው አመሻሹ ላይ ነው። ጠዋት በድንጋይ ላይ እየረገጡ ያለፉት ቦታ ሲመለሱ ውሃ ውጦት ሊጠብቅ ይችላል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጥቆማው ላይ ብትጨምሩ ምን ነበረበት?

«ማይክሮስፓይክ ያዙ» የሚለው ምክርም ያሳስበኛል። ጫማ ላይ የሚጠለቀው ይህ ሹል ብረት ለተረገጠና ብዙ ለማያጋድል መንገድ ጥሩ ነው። ቀጥ ላለ ዳገት አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው ክራምፖን፣ ማለትም ረዘም ያሉ ሹል ጥርሶች ያሉት የጫማ ብረት፣ እና የበረዶ መጥረቢያ ነው፤ መጥረቢያውም ቢሆን ሲወድቁ ራስን ማቆም ላልተለማመደ ሰው አያድንም። ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ስላለ ብቻ ልቡ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። መረጃው የተገኘበትን ቀን ጻፉ። በረዶው ከየትኛው ከፍታ እንደሚጀምርና የመጨረሻው ዳገት ወዴት እንደሚያይ ንገሩን። ፎቶው ላይም የተነሳበት ወር ይኑር። «አምና በዚህ ጊዜ ክፍት ነበር» ማለት አያዋጣም፤ በረዶው የሚቀልጥበት ጊዜ ከዓመት ዓመት በሳምንታት ይለያያል። ለማጣራት ደግሞ ቦታውን ለሚጠብቁ ሬንጀሮች መደወል ይቻላል። በምዕራብ አሜሪካ ስኖቴል የሚባሉት ጣቢያዎች የበረዶውን መጠን በየዕለቱ ያወጣሉ። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስልም በነፃ ይገኛል፤ በየ5 ቀኑ ገደማ ይታደሳል። ደመና ከሌለ ሐይቁ ነጭ ይሁን ሰማያዊ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ።

የላይኛው በረዶ እስኪቀልጥ ዝቅ ያሉ ሐይቆችንና ፏፏቴዎችን ጠቁሙን። በረዶው እየቀለጠ ስለሚመግበው ፏፏቴው ሞልቶ የሚወርደው በዚሁ ሰሞን ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ