ሦስት ዜሮ ጨምራችሁበታል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ አሜሪካዊው የኮሜዲ ፊልም ደራሲና ዳይሬክተር ፕሬስተን ስተርጅስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቁርስ ላይ አነበብኩት። ሌላውን እተወዋለሁ፤ አንዷን ቁጥር ግን አልተውም። ዳይሬክት ያደረገውን የመጀመሪያ ፊልም ስክሪፕት «በ10 ሺህ ዶላር ሸጠ» ብላችኋል። 10 ዶላር ነው! ሦስቱን ዜሮ ከየት አመጣችሁት?

ትንሽ ስህተት ናት የሚል ካለ ይስማኝ። ሰውዬው ለዓመታት ስክሪፕት እየጻፈ ለሌሎች ዳይሬክተሮች ሲያስረክብ ኖሯል። በመጨረሻ የ«ታላቁ ማክጊንቲ»ን ስክሪፕት ለፓራማውንት የፊልም ኩባንያ በ10 ዶላር ሰጠ። ቃል ያስገባቸው ፊልሙን ራሱ ዳይሬክት እንዲያደርገው ብቻ ነው። «ታላቁ ማክጊንቲ» እ.ኤ.አ. በ1940 ወጣ፤ ለወጥ የፊልም ድርሰት የተሰጠውን የመጀመሪያውን ኦስካር አገኘ። ታሪኩ ውስጥ ያለው ቤት አልባ ሰው በሐሰት ስም 37 ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፤ ለአንዱ 2 ዶላር። ደምሩት፤ 74 ዶላር ነው። ገጸ ባሕርይው ከደራሲው በላይ ተከፈለው ማለት ነው። 10 ሺህ ካላችሁ ግን ሰውዬው ስክሪፕቱን ቸበቸበ፣ በቃ። የከፈለው ዋጋ አይታይም።

እኔን ያንገበገበኝ በምክንያት ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ የኮሜዲ ጸሐፊ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲዩሰር ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ ባጃጅ ሹፌር የጻፍኩትን ስክሪፕት ወሰደ። ዳይሬክት ላድርገው ብዬ ለመንኩት። «አንተ መጻፉን ጻፍ» አለኝ። ጣና ዳር ሲቀረጽ እንደ መንገደኛ ዳር ቆሜ አየሁ። የኔ ሹፌር ነገር አዋቂ ነበር፤ ተሳፋሪውን በሰምና ወርቅ ነው የሚወጋው። እነሱ የጎጃም አነጋገሩን ይዘው ቂል አደረጉት። ሰው የሳቀው በቀልዱ ሳይሆን በአነጋገሩ ነው። ያ ነው የሚያመኝ። ፖስተሩ ላይ ስሜ የለም።

ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የእኛ አገር የኮሜዲ ጸሐፊዎች» ብላችሁ የዘረዘራችኋቸው በሙሉ አዲስ አበባ ያሉ ናቸው። ቅኔ ሲባል ዋሸራ ከሚነሳበት አገር አንድ ቀልድ ጸሐፊ አጣችሁ? ለመሆኑ ደውላችሁ ጠይቃችኋል? ለቀረጻ ሲሆን ታንኳውም ዘጌም አይጠፋችሁም። ደራሲ ለመጠየቅ ሲሆን ነው ባሕር ዳር የሚርቅባችሁ።

ቁጥሯን አርሙልኝ። በሚቀጥለው እሁድ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፦ 10 ዶላር።

አንድ የኮሜዲ ጸሐፊ
ከባሕር ዳር