የምስጋና መልእክት፦ የብክለት ጽዳት ሥልጠናችንን አጠናቀን ለተመረቅንበት

ከሁሉ አስቀድሞ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ሥልጠናው እንዴት እንዳለፈ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሥራ አድሮ በጠዋት ክፍል የተገኘውም፣ ልጅ ይዛ የመጣችውም ዛሬ የምስክር ወረቀት በእጃቸው ነው፤ ይህ ደብዳቤ ለዚህ ላበቁን ሰዎች ነው፤ ከሁሉም በፊት ለአንድ ሰው።

የኔታ! ክፍል ውስጥ የምንጠራዎት በዚህ ስለሆነ እዚህም ስምዎን አናወጣም፤ እርስዎም አይወዱም። የ40 ሰዓቱ የሃዝዎፐር (የአደገኛ ቆሻሻ ጽዳትና የድንገተኛ አደጋ ምላሽ) ሥልጠና ወረቀቱ ሲታይ የሕግ አንቀጽና የምህጻረ ቃል ክምር ነው። ኦሻ (የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና መሥሪያ ቤት) ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሰጥ ይላል፤ ነፍስ የዘሩበት ግን እርስዎ ነዎት። «ጭምብሉ አየር ያጣራል እንጂ አየር አይሠራም» ያሉን ጊዜ ስንቱ ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ! ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ታንከር ከመግባት በፊት የሚለካው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማው። ኦክስጅን የሚቀድመው እሱ ሲያንስ ብዙዎቹ የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያዎች ትክክለኛውን ስለማያሳዩ ነው። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ የትኛውም ማጣሪያ ያለው ጭምብል አያድንም፤ አየር በጠርሙስ ወይም በቱቦ የሚመጣበት መሣሪያ ያስፈልጋል።

የካርትሪጁን፣ ማለትም ጭምብሉ ላይ የሚገጠመውን ማጣሪያ፣ ቀለም ነገርም አንረሳውም። ወይን ጠጁ ለአቧራና ለብናኝ፣ ጥቁሩ እንደ ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ላሉ ትነቶች፣ ነጩ ለአሲድ ጋዝ፣ አረንጓዴው ለአሞኒያ ነው። ነዳጅ በፈሰሰበት አፈር ላይ ወይን ጠጁን ብቻ ገጥሞ የሚሠራ ሰው የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ትነቱ ግን ሰተት ብሎ ያልፋል። ጭምብል ባጠለቅን ቁጥር ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ፊት ላይ ተጣብቆ ለ10 ሰከንድ ያህል መቆየቱን ማየት፤ ከዚያ የማስወጫውን ቀዳዳ ሸፍኖ ቀስ ብሎ መተንፈስ። በጎን ካፈሰሰ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ማሰሪያውን ለማጥበቅ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ጎማ ይጣመምና ይብሱን ያፈሳል፤ ጭምብሉን አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ይህን ለእያንዳንዳችን፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሳይሰለቹ አሳይተዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የማውለቁን ትምህርት! መልበስ ማንም ይችላል፤ ሰው የሚበከለው ሲያወልቅ ነው። በተበከለውና በንጹሑ ቦታ መካከል ባለው የመሸጋገሪያ ቀጠና መጀመሪያ ቦቲውና የላይኛው ጓንት በሳሙና ውኃ በብሩሽ ይታጠባል፣ በሁለተኛው ሳፋ ይለቀለቃል። ከዚያ ቴፑ፣ የጫማው ሽፋን፣ የላይኛው ጓንት። ቱታው ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ወደ ታች ይጠቀለላል። ጭምብሉ ከቱታው በኋላ፣ የውስጠኛው ጓንት ከሁሉም መጨረሻ፤ በመጨረሻም እጅና ፊት መታጠብ። ጭምብሉ ቀድሞ ከወለቀ ከቱታው የሚነሳው አቧራ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ደግሞ ያቺ የቴፕ ነገር፦ እጅጌውንና ጓንቱን ስናሽግ የቴፑን ጫፍ አጥፈን «ጆሮ» እንድናወጣለት ነገሩን። ጆሮ የሌለውን ቴፕ በወፍራም ጓንት መፈልቀቅ አይቻልም፤ ሰውየው ይታገላል፣ ቱታው ይቀደዳል፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ገደል ይገባል። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ በደማቅ ያልተጻፈ፣ ግን ሰው የሚያድን ትምህርት ነው።

የኔታ፣ እናመሰግናለን ማለት ያንሳል። የሊድ (የእርሳስ ብረት) ቀለም የሚፋቅበት ቤት ውስጥ የዋለ ልብስ እንዳይራገፍ፣ ቤትም እንዳይገባ ደጋግመው ሲነግሩን የእኛን ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንን ነገር እያሰቡ እንደነበር ገብቶናል። የኦሻ ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ሊድ ነው፤ በጫማና በመኪና ምንጣፍ ተጉዞ ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ የሚያርፈውን አቧራ ግን ያ ቁጥር አይቆጥረውም። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአሮጌ ፋብሪካና በተዘጋ ማደያ አጠገብ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ወሬ አልነበረም። ፈጣሪ ብድርዎን ይክፈልልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የናሙና አሰባሰብ መምህርታችንንም ሳናመሰግን አናልፍም። የ40 ሚሊ ሊትሯ የውኃ ናሙና ጠርሙስ እስከ አፏ ተሞልታ ትከደናለች፤ ተገልብጣ በጣት መታ መታ ስትደረግ አረፋ ከታየ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል። ተናኙ ኬሚካል ወደ አረፋዋ ስለሚሸሽ ላቦራቶሪው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያወጣል፣ የተበከለው ውኃም ንጹሕ ተብሎ ያልፋል። በረዶው ውስጥ ማስቀመጥና የርክክብ ቅጹ ላይ መፈረምም እንዲሁ፤ አንድ ፊርማ ከጎደለ ናሙናው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

አስቤስቶስን (በአሮጌ ሕንጻዎች የሚገኘውን፣ ክሩ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳውን ማዕድን) ያስተማራችሁን ሁሉ፦ ሳሙና የሌለው ውኃ ወደ ውስጥ እንደማይዘልቅና ተራ የቤት ቫኪዩም ክሮቹን መልሶ አየር ላይ እንደሚበትን አሳይታችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን።

ከ40 ሰዓቱ በኋላ ያሉትን 3 የመስክ ቀናት በኃላፊ ክትትል እንድንሠራ በራችሁን የከፈታችሁ ተቋራጮች፣ ምስጋናችን ከልብ ነው። (ወረቀቱን ይዞ ነገ ሥራ የሚገባ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ያለ መስክ ልምምዱ ሥልጠናው ሙሉ አይደለም።) ለሕክምና ምርመራው ክሊኒክ፣ በብክለት በተጎዱ አካባቢዎች ለሚኖሩ ሥራ አጦች እንዲህ ያለ ሥልጠና ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገንዘብ ለሚደግፈው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በክፍል ሰዓት ልጆቻችንን ለያዛችሁልን እናቶች፣ በመኪናችሁ ላመላለሳችሁን፣ ሻይ ላፈላችሁ፣ ቅጽ ለተረጎማችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ስም ብንጠራ አንዱን ጠርተን ሌላውን ስለምናስቀር በጅምላ ሆነ፤ ይቅርታ አድርጉልን። በተለይ በፈተናው ዋዜማ ማስታወሻችሁን ያዋሳችሁ የቀድሞ ተመራቂዎች፣ ለእናንተ አንድ መስመር አይበቃም ነበር።

ለቀጣዩ ዙር ተመዝጋቢዎች፦ የጭምብል ልክ መፈተሻ ቀን ጢማችሁን ተላጭታችሁ ኑ፤ ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጢም ካለ ፈተናው አይጀመርም። ለእኛ ተመራቂዎች ደግሞ፣ የ8 ሰዓቱ የእድሳት ሥልጠና በየዓመቱ ነው፤ ቀኑን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አስገቡት።

ሰልጣኞቹ